ስክሪን ቀድቼ ኤክሴል ላስተምር አስቤያለሁ፤ ፕላዝማ እንዳይሆንብኝ ምከሩኝ

ሮስተር ሠሪዋ፦

ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን፣ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ምናምን ተማሪ አለ። ላባችን ውስጥ በትክክል የሚነሳው ኮምፒውተር ግን ሃያ አይሞላም። አንድ ኪቦርድ ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ያዛል፣ ሦስተኛው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

ፕሮጀክተር አለን፣ ተመስገን ነው። በፕሮጀክተር ሳሳይ የፊቶቹ ይከተሉኛል። የኋላዎቹ «ቲቸር፣ አልታየንም» ይላሉ። እደግማለሁ። ደግሜ ስጨርስ የፊቶቹ ሰልችቷቸው ወሬ ይዘዋል። በዚያ ላይ ያንኑ ትምህርት ለአምስት ሴክሽን ነው የምሰጠው። የመጨረሻው ሴክሽን ጋ ስደርስ ጉሮሮዬም ትዕግሥቴም አልቋል። እነዚያ ልጆች ምን አጠፉ?

አሁን የያዝነው ኤክሴል ነው። እኔ በሮስተር ነው የማስተምረው። ደረጃ የሚወጣበት ነገር ስለሆነ ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ገና ስሙን ስጠራ ጆሯቸው ይቆማል። ድምር ይሠራሉ፣ አማካይ ይሠራሉ፣ ሰላም ነው። ጉዱ ደረጃ ላይ ስንደርስ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ አጠገብ የራንክ ፎርሙላ ይጽፋሉ፤ መጀመሪያ የእሱን ድምር፣ ቀጥሎ ከኤች 3 እስከ ኤች 62 ያለውን የክፍሉን ድምር በሙሉ። ከዚያ ወደ ታች ይጎትቱታል። የዶላር ምልክቱን ካላስገቡ ክልሉም አብሮ ይወርዳል። አንድ ረድፍ በወረዱ ቁጥር ከላይ አንድ ልጅ ከውድድሩ ይወጣል። የመጨረሻው ተማሪ ከራሱ ጋር ብቻ ተወዳድሮ 1ኛ ይሆናል! ሮስተራችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሆነ ዘሪሁን የሚባል ልጅ ሁሉ አንደኛ ነው። ክፍሉ ይስቃል። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው።

ክልሉን የምታሳየው ባለ ቀለም ሳጥን ወደ ታች ስትንሸራተት ቢያዩ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሴሉን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉ ትታያለች፤ ግን ከኋላ ወንበር ማን ያያታል? ስክሪኔን ቀድቼ አጫጭር ቪዲዮ ላዘጋጅ ያሰብኩት ለዚህ ነው።

ያልመለስኳቸው ነገሮች አሉ። ላፕቶፔ ባለ 4 ጊጋ ራም አሮጌ ናት፣ ትችለዋለች? ተማሪ ሞባይል ይዞ ግቢ መግባት ክልክል ነው። ቤቱም ስልክ የሌለው አለ። ታዲያ ቪዲዮውን የት ነው የሚያየው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ስታፍ ሩም ሐሳቤን ሳነሳ አንድ ባልደረባዬ «ፕላዝማን መልሰሽ ልታመጪብን ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከንክኖኛል። ልጆቹ ይማራሉ ወይስ ቲቪ ያያሉ? የሞከራችሁት እስቲ ንገሩኝ።


ጠመኔ፦

እህቴ፣ ባልደረባሽ ቀልዶ ብቻ አይመስለኝም።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲገባ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ለማታውቁት ወጣቶች፦ ትምህርቱ በሳተላይት ነው የሚመጣው። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነው፣ በእንግሊዝኛ። መምህሩ መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። መሀሉ የቴሌቪዥኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ታቀርባለች፣ «አሁን ሥሩት» ትላለች፣ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ትናገራለች። እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ። እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። ለማን ነው የሚያወጣው? መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ። ሲመጣ ሳተላይቱ ሌላ ርዕስ ላይ ነው።

ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም። ላብራቶሪ የሌለን ሰዎች ብዙ ሙከራ በዓይናችን ያየነው በሱ ነው። ዛሬም አንዳንድ ተማሪዎቼ ሲያገኙኝ የሚያነሱት እነዚያን ሙከራዎች ነው፤ የእኔን ሰሌዳ የሚያነሳ የለም!

እና ጥፋቱን በስክሪኑ ላይ አላሳብብም። የከፋው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ማቆም አለመቻሉ ነበር። ያንቺ ግን ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ነው። ማቆሚያው በእጅሽ ነው።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገርሽ። ስቀዳ ድምፅ አላስገባም። ስክሪኑን ብቻ እቀዳለሁ፤ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት። ክፍል ውስጥ በቪኤልሲ እከፍተዋለሁ፣ የምናገረው እኔው ነኝ። ለደከመው ክፍል ቀስ እላለሁ፣ ለፈጠነው እሮጣለሁ። ስፔስ ስትጫኚ ይቆማል። የግራ ካሬ ቅንፏን ስትጫኚ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አምስተኛው ሴክሽን ላይ ማውዝ ይዘሽ እንደ አዲስ ስለማትሠሪ እጅሽ ነፃ ነው፤ ከሰሌዳው ተነስተሽ ወደ ኋላ ወንበር ትሄጃለሽ። እኔን በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ከኋላ ሆኜ ሳይ ለካ የእኔ ስክሪን ከዚያ ወንበር ምኑም አይነበብም።

ለዚያች ለራንክሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ፎርሙላው ተጽፎ አልቆ፣ ሊጎተት ሲል አቁሚው። «የመጨረሻው ልጅ ስንተኛ ይወጣል?» በያቸው። ድምሩ ይታያቸዋል፤ ገምተው ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ሳይጽፉ አትልቀቂው። ከዚያ ልቀቂው። 1ኛ ብሎ ሲወጣ አሁን የሚስቀው በራሱ ግምት ነው። ቀጥሎ ሳጥኗ ስትወርድ የሚያሳየውን ክፍል ሦስት አራቴ መልሺው። በቪዲዮ መመላለስ ምንም አያስከፍልም፤ በማውዝ ግን ያንኑ ነገር አራቴ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ለማንም ይከብዳል።

ስልክን በተመለከተ አትጨነቂ። ፋይሎቹን የላቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ገልብጪ። ድምፅ ስለሌለው ኢርፎን አያስፈልግም፣ ሃያ ኮምፒውተር ባንዴ ቢጮህ ብለሽም አትሰጊም። ስልክ ያለው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ይይ፣ የሌለው በክፍለ ጊዜው እዚያው ላብ ውስጥ ይይ። ቪዲዮውን ቤት አይተው እንዲመጡ አድርገሽ ክፍል ውስጥ ተግባር ብቻ ማሠራት የሚሉት ስልት አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን፣ በርግማንና ሳምስ የሚባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለቀሩ ተማሪዎች ብለው ትምህርታቸውን መቅዳት ጀምረው ነው እንዲህ የታወቀው። ጥሩ ነው፤ ግን ግማሹ ክፍል ቤቱ ሊያየው ካልቻለ አንቺ ሁለት ክፍል ነው የምታስተምሪው።


ፍሬሽማን ነኝ፦

እኔ ከተማሪ ወገን ነኝ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ የገባሁ። አሥራ ሁለተኛን ያለፍኩት ግማሹን በቴሌግራም ቪዲዮ ነው ብል ውሸት የለውም። ዳታ ያለው አንድ ጓደኛችን ያወርዳል፣ እኛ በዜንደር እንቀባበላለን።

ቲቸር፣ የሚያናድደንን ልንገርሽ። «ሰላም ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የቻናላችን ተከታታዮች» ተብሎ ሁለት ደቂቃ። ሙዚቃ። ሰብስክራይብ። ከዚያ ማውዙ ይበራል! እኔ ገና የት እንደተነካ ስፈልግ እሱ ሦስተኛው ሜኑ ውስጥ ገብቷል። ሌላው ደግሞ ፊደሉ። አስተማሪው በላፕቶፕ ይቀዳል፣ እኛ በስልክ እናያለን፣ ያውም ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ። የኤክሴሉ ቁጥር ጉንዳን ነው የሚያክለው። እባክሽ ፊደሉን አሳድጊው፣ የማትጠቀሚበትን ኮለም ደብቂው።

የዶላሯን ነገር ደግሞ እኔም አልፌበታለሁ። ያየሁት ቪዲዮ ላይ ዶላሮቹ ባንዴ ከሰማይ ዱብ አሉ። ሰውየው ኤፍ 4 ተጭኖ ነው። ቪዲዮው ስክሪኑን ነው የሚያሳየው፣ ጣቱን አያሳይም። እኔ አንድ በአንድ በእጄ ስጽፍ ከረምኩ።

ፋይሉንም ስም ስጪው። «ኤክሴል 3 ደረጃ ማውጣት» በይው። ስልኬ ላይ ቁጥር ብቻ የሆነ ስም ያላቸው ቪዲዮዎች ሞልተዋል፣ የቱ የቱ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ። ቪዲዮ ሳይ ሁሉም ነገር የገባኝ ይመስለኛል። ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ባዶ። ብቻዬን ሳይ አላቆመውም፣ እለቀዋለሁ፣ ያልቃል፣ ደስ ይለኛል። አቁም የሚለኝ ሲኖር ነው የሠራሁት።


ሮስተር ሠሪዋ፦

ጋሽ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያለ ድምፅ መቅዳት የሚለውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ የስልኩንም የኢርፎኑንም ጣጣ ባንዴ ነው የገላገሉኝ። ፍሬሽማን፣ አንተ ደግሞ የልቤን ነው የተናገርከው፤ ጥናትህ ይቅናህ።

ግን ለቀሩ ልጆች ድምፅ ያለው ቅጂም ቢኖረኝ እፈልጋለሁ። በህመም የሚቀር አለ፣ በአዝመራ ጊዜ ቤተሰብ ለመርዳት የሚቀር አለ። ለሱ በምን ልቅዳ? መብራትስ? እኛ ጋ ቃል አይከበርም።


ሂሳብ መዝገብ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ሶፍትዌር አሠለጥናለሁ፤ ፒችትሪ ማለቴ ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ እኛ ሀገር ግን ሁሉም ፒችትሪ ነው የሚለው። ሠልጣኞቼ ሥራ ውለው ማታ የሚመጡ ስለሆኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይቀር የሚጨርስ የለም። ስለዚህ ሁሉንም እቀዳለሁ።

መቅጃው ኦቢኤስ ስቱዲዮ ይሁን። ነፃ ነው፣ ምልክት አያትምበትም፣ የሰዓት ገደብ የለውም። ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕሽ ትችላለች፤ ግን እንዳለ አትተይው፣ ሴቲንጉን ቀንሺው። መጠኑን 1280 በ720 አድርጊ። ፍሬሙን በሰከንድ 15 አድርጊው፤ ኤክሴል ኳስ ጨዋታ አይደለም፣ 60 አያስፈልገውም። ቢትሬት የሚለውን፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀዳውን የዳታ መጠን በኪሎቢት፣ 500 ላይ አውርጂው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ2500 ከቀዳሽ አሥር ደቂቃ ወደ 190 ሜጋባይት ይወጣል፤ በ500 ከሆነ 40 አካባቢ ነው። በዳታ ለሚያወርድ ልጅ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ ቆሞ የሚታይ ስለሆነ ጥራቱ ብዙም አይጎዳም። ፊደሉ ከደበዘዘብሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው።

ስለ መብራት የጠየቅሽው ትልቅ ጥያቄ ነው። በኤምፒ 4 ስትቀጂ መሀል ላይ ከጠፋ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ አይከፈትም፤ የለፋሽበት ሁሉ ይቀልጣል። በኤምኬቪ ቅጂ። እስከጠፋበት ደቂቃ ድረስ ያለው ይተርፋል። ስትጨርሺ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ፋይል የሚለው ሜኑ ሥር «ሪመክስ» አለ፤ በሰከንዶች ኤምፒ 4 ያደርግልሻል። ባትሪዋ የሞተ ላፕቶፕ ላላችሁ ሁሉ ነው የምናገረው።

ሙሉ ስክሪን አትቅጂ። «ዊንዶው ካፕቸር» የሚለውን መርጠሽ ኤክሴሉን ብቻ ያዢ። አለበለዚያ ከጎን የቴሌግራም መልእክት ብቅ ይላል። እኔ ሠልጣኞች ፊት የባለቤቴ የገበያ ዝርዝር ወጥቶ ተስቆብኛል፤ ሽንኩርት አትርሳ ይላል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከመጣብሽም አትደንግጪ። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ሙሉ ስክሪን ሲቀዳ የሚያጋጥም ነው።

ዊንዶውስ ላይ ያለው ጌም ባር፣ በዊንዶውስና ጂ የሚከፈተው፣ ቀላል ነው ብለው ይነግሩሻል። እውነት ነው፤ ግን የሚቀዳው የከፈትሽውን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ዴስክቶፕንና የፋይል ማህደሮችን አይቀዳም። ፎልደር አከፋፈት የምታስተምሪ ቀን ጉድ ይሠራሻል።

ድምፅ ላይ ቆጥቢ አልልሽም። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ከተንኮሻኮሸ ይዘጋዋል። የላፕቶፑን ማይክ ተይው፣ የፋኑን ጩኸት ነው የሚቀዳው። የስልክ ኢርፎን ማይክ ይበቃሻል፣ ከአፍሽ ትንሽ ጎን አድርጊው። መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ባዶ ክፍልን ይበልጠዋል። ኦቢኤስ ውስጥ ማይኩ ላይ «ኖይዝ ሰፕሬሽን» የሚባል ፊልተር አለ፤ የጎረቤትን ቴፕ ባያጠፋውም ያለዝበዋል።

ፍሬሽማን ስላነሳው ጣት፦ ካርናክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የተጫንሽውን ቁልፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያል። እሱ ባይኖርሽም አፍሽ አለ። «አሁን ኤፍ 4 ልጫን ነው» ብለሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ፣ ተጫኚ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ ኤን አብሮ መያዝ እንዳለበትም ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ ድምፅ ይቀንሳሉ፣ ስክሪን ያጠፋሉ። ለማጉላት ዙምኢት ጥሩ ነው። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ኮንትሮልና 1 ያጎላል፣ ኮንትሮልና 2 ስክሪኑ ላይ ያስሥላል።

ርዝመቱ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ኤዴክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ያሉ አራት ኮርሶችን ወስዶ ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የቪዲዮ እይታ ያየ ነው። ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሰው የሚያየው ከስድስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። እነዚያ ግን በገዛ ፈቃዳቸው ኦንላይን የሚማሩ ሰዎች ናቸው፣ ያንቺ ልጆች ደግሞ ፈተና ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዢው። እኔ የማሳጥርበት ምክንያት ሌላ ነው። ሦስት ደቂቃ ከሆነ ስሳሳት ጥዬው እንደገና እቀዳለሁ። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ግን ለመቁረጥና ለመቀጠል ስል ሌሊቱ ይነጋብኛል። ኤዲት ማድረግ ሱስ ነው፣ አትጀምሪው።

ቴሌግራም ላይ ስትለቂው እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሹ ፊደል ይጠፋል።

ከመቅዳትሽ በፊት ደግሞ ሮስተሩን እዪው። የእውነት ተማሪ ስምና ውጤት አትጠቀሚ። ቪዲዮ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። የአንድ ልጅ 38 ነጥብ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ሲዞር መኖር የለበትም። ስሙንም ቁጥሩንም ፍጠሪው።


ፊደል በጣት፦

አጭር ነገር ልጨምር። የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ያለ ድምፅ የሚቀዳው በጣም ጥሩ ነው፤ ከታች አንድ መስመር ጽሑፍ ቢኖረው ደግሞ ይበልጥ። ማየት ለተሳናቸው ግን ተቃራኒው ነው።

እዚህ ብዙዎቻችን የምናደርጋት ነገር አለች። «እዚህ ጋ ክሊክ እናደርጋለን፣ ከዚያ ይሄኛውን፣ ከዚያ ወደዚህ እንመጣለን።» ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ነው። ምንም የለም! «ሆም ታብ ውስጥ፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» ብላችሁ ስሙን ጥሩት። እንዲህ ያለ ቅጂ አጥርቶ የማያይ ልጅን ብቻ ሳይሆን ስልኩ ስድስት ኢንች ስክሪን ያለውንም ልጅ ይጠቅማል። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ በስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ እየታገዘ ስም እየጠራ የሚያስረዳን መምህር ቪዲዮ ሰምቶ ብቻውን ሠንጠረዥ ሠርቷል። «ይሄኛው፣ ያኛው» የሚለውን መምህር ግን ሁለት ደቂቃ ሰምቶ ዘጋው።


የቅዳሜ ክበብ፦

ሁላችሁም የምታወሩት መምህሩ ስለሚቀዳው ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ ልጆቹ የሚቀዱትን ነው የምወደው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለታዳጊዎች ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ኤክሴልም ትንሽ ኮዲንግም። የተሠራውን ፋይል ብቻ ስቀበል ሁሉም ጎበዝ ነበር። ከዚያ «ስትሠሩት ስክሪኑን ቅዱ፣ እየሠራችሁ ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ፣ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ» አልኩ። ወይ ጉድ! አንዱ ልጅ ሠንጠረዡ ምንም አይወጣለትም፣ ድምሩ ሁሉ ትክክል ነው። ቅጂውን ሳየው ግን ዝምታ ነው፤ ከዚያ ቁጥር ይጻፋል፤ እንደገና ዝምታ፣ እንደገና ቁጥር። በስልኩ ካልኩሌተር እየደመረ ውጤቱን በእጁ ያስገባል! ፎርሙላ የሚባል ነገር የለም። ፋይሉን ብቻ ባይ አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር። አልቀጣሁትም። አንዱን ማርክ ቀየርኩና «ድምሩ ለምን አልተለወጠም?» አልኩት። ቁጭ ብሎ አየው፣ ከዚያ ራሱ ሳቀ።

ላንቺ ክፍል ደግሞ ተስማሚ ነው፣ እህቴ። አንድ ኪቦርድ ላይ ሦስት ልጅ አለ ብለሻል። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ያዛል፣ ያ መስኮት የሚያየው ተራኪ ይሁን። እጁን ኪቦርድ ላይ አያሳርፍም፤ ሌሎቹ የሚሠሩትን ለምን እንደሚሠሩ እሱ ይናገራል። ካልገባው ጠይቆ መናገር አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ ይቀያየራሉ። እኔ ጋ ተራኪ ሲሆኑ ነው ጥያቄ የሚበዛው፤ «ቆይ፣ ለምን እሱን ነካህ?» ይባባላሉ። ያቺ ንግግር ቅጂው ውስጥ ስትገባ እኔ በደስታ እሞታለሁ።

በአማርኛ ይናገሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሴል፣ ሬንጅ፣ ፎርሙላ የሚሉት እንዳሉ ይግቡ። «ምክንያቱም» ከሚለው በኋላ ያለው ግን በራሳቸው አፍ ሲሆን ነው ማወቅ አለማወቃቸው የሚለየው።

ማን ያያቸዋል ካልሽኝ፣ ሁሉንም አላይም። ስልሳ ልጅ በሦስት ሲካፈል ሃያ ቅጂ ነው፤ በአምስት ሴክሽን መቶ። አይቻልም። በየሳምንቱ ከየሴክሽኑ ጥቂቱን ብቻ፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርጌ አያለሁ። የማን እንደሚታይ ግን አስቀድሜ አልናገርም። ከዚያ አንዱን መርጬ፣ ልጆቹን አስፈቅጄ፣ ለክፍሉ አሳያለሁ። የተሳካውን ሳይሆን መሀል ላይ ተሳስቶ የተስተካከለውን ነው የምመርጠው። መምህር ሲሳሳት ያዩት ብዙ ነው፤ ጓደኛቸው ሲሳሳትና ሲያወጣው ሲያዩ ግን ፀጥ ብለው ነው የሚከታተሉት። ድምፁን መቅዳት የሚያፍር ልጅ ካለ አላስገድደውም፤ ጽፎ ያስገባል።


ሮስተር ሠሪዋ፦

ይቺ ተራኪ የምትሏት ነገር ልቤን ወሰደችው። መስኮት የሚያየውን ልጅ ገና ዛሬ ነው ሥራ ያገኘሁለት።

እንዲህ ላድርግ ብዬ ነው። የራንኩን ያለ ድምፅ፣ በሁለት ቁራጭ፤ አንዱ ያለ ዶላር፣ አንዱ ከዶላር ጋር። ለቀሩት ልጆች ብቻ ድምፅ ያለውን ለብቻ እቀዳለሁ። አማካይና ድምሩን ጨርሶ አልቀዳም፤ እሱን ሰሌዳ ላይም ይረዱታል። የተማሪዎቹን ቅጂ ደግሞ በአንድ ሴክሽን ልጀምርና ልየው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የላቡ ኮምፒውተሮች ግማሾቹ አሁንም ዊንዶውስ 7 ናቸው። ኦቢኤስ ልጭን ስል አልቀበልም አለኝ። ልጆቹ በምን ይቅዱ? ኢንተርኔትም የለውም ላቡ።


ሂሳብ መዝገብ፦

የቅርብ ጊዜዎቹ ኦቢኤሶች ዊንዶውስ 7ን ትተውታል። 27ኛውን ስሪት በፍላሽ ይዘሽ ግቢ፣ እሱ ይጫናል። ግን ለልጆቹ ከሆነ ኦፊሳቸው 2016 መሆኑን እዪልኝ። ፓወርፖይንት ላይ ኢንሰርት ውስጥ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ «ስክሪን ሪከርዲንግ» የሚል አለ። የሚቀዳውን ቦታ በማውዝ ያስምሩ፣ ዊንዶውስ ሺፍት አር ያስጀምራል፣ ዊንዶውስ ሺፍት ኪው ያቆማል። ቪዲዮው ስላይዱ ላይ ያርፋል። ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሴቭ ሚዲያ አዝ» ካሉት ለብቻው ፋይል ይሆናል።

መጀመሪያ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው፤ አሮጌዎቹ ላይ አንዳንዴ ይንቀራፈፋል። ማይክ የሌላቸው ዴስክቶፖች ከሆኑም ድምፅ እንደማይገባ አትርሺ። ያን ጊዜ አንድ ሁለት ባለገመድ ማይክ ገዝተሽ ማዘዋወር ነው፣ ወይ ተራኪው ጽሑፉን ስላይዱ ላይ ይጻፈው።


ጠመኔ፦

ማይኩን ከስታፍ ልንዋጣልሽ እንችል ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሩቅ ሆነብን እንጂ። ያ የሳቀብሽ ባልደረባሽ ይግዛ።